ባልዲ ለእምነት ያበረከተው አስተዋጽኦ

የእምነት ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሊቃውንት ጽፈዋል፤ ስለ ሰማዕታትም ጽፈዋል፤ ስለ ባልዲ ግን እስከ ዛሬ አንዲት መስመር አልጻፉም። ይህን ግፍ በዝምታ ማለፍ ስለማይቻል፣ ለባልዲ፣ ለሳፋና ለጆግ የሚገባቸውን ክብር፣ እነሱን በጥበብና በቆራጥነት ለዚህ ላበቁት ለጋሽ ጠጋ በሉ ደግሞ የሚገባቸውን ምስጋና ለማቅረብ ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል። አንባቢ ከተቻለው ቆሞ ያንብብ።

ጋሽ ጠጋ በሉ በአሮጌው ገበያ የቤት ዕቃ ነጋዴ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን በሱቃቸው ደጅ የሚያልፈውን ሁሉ "እስቲ ትንሽ ጠጋ በሉ፣ ዕቃ እንዳትነኩ" ሲሉ ስለኖሩ፣ ገበያተኛው አባባላቸውን መልሶ ለራሳቸው ስም አድርጎ ሰጣቸው። አልተቀየሙም። ሰው በሥራው ቢጠራ ምን ነውር አለው?

አሮጌው ገበያ ጣሪያ ያለው፣ ጥንት የተሠራ ገበያ ነው። ወፍራም የድንጋይ ዓምዶች አሉት፤ በዓምዶቹ መካከል ቅስት፣ ከቅስቱ ሥር በግራና በቀኝ የተደረደሩ ጎድጓዳ ሱቆች፣ በመካከል ደግሞ አንድ ረጅም መተላለፊያ። በመተላለፊያው ጫፍ የጸሎት ቤቱ በር ይታያል። ገበያውን የሠሩት ሰዎች ጭነት የያዙ ሁለት አህዮች ሳይነካኩ እንዲተላለፉ መተላለፊያውን ሰፋ አድርገው ነበር የተዉት። ነጋዴ ወደ ንግዱ፣ ምዕመን ወደ ጸሎቱ፣ አህያም ወደ ጉዳዩ በሰላም ይሂድ ብለው ነው። የዋሆች ነበሩ። መደርደሪያ እግር እንዳለው አላወቁም።

በዓመት አንድ ቀን በዚህ መተላለፊያ የፋኖስ ዑደት ይደረጋል። ምዕመናን ከገበያው ዋና በር ተነስተው፣ የተለኮሰ ፋኖስ በያዘ አንድ ሽማግሌ ተመርተው፣ እየዘመሩ እስከ ጸሎት ቤቱ በር ይሄዳሉ። ድሮ የሚሄዱት አራት አራት ሆነው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነበር። አንድ ዓመት ግን ጋሽ ጠጋ በሉ ሰፋፊ ሳፋዎች አስመጡና ሱቃቸው ውስጥ አልገባ ስላላቸው መደርደሪያውን አንድ ስንዝር ወደ መንገዱ አወጡት። ፊት ለፊት ያለው ገመድና ምንጣፍ ሻጭም ይህን አይቶ "እኔስ ከማን አንሼ" አለና የምንጣፍ ጥቅሎቹን አንድ ስንዝር አወጣ። በዚያ ዓመት አራት አራት ሆነው የመጡት ምዕመናን እዚያ ቦታ ሲደርሱ ዳርና ዳር ያሉት ከዕቃው ጋር ተላተሙ፤ አንዲት ሴትዮ ጫማዋ ከሳፋ ሥር ቀረ።

ጉዳዩ ለዑደቱ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ቀረበ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አንባቢ እንደገመተው፣ ጋሽ ጠጋ በሉ ነበሩ።

"መደርደሪያው መንገድ ዘግቷል" አለ የኮሚቴው ጸሐፊ። ጸሐፊው ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ጽሑፉ ያማረ፣ ወኔው ግን ትንሽ ሳሳ ያለ።

"የማን መደርደሪያ?"

"የእርስዎ ጋሼ።"

"የእኔ የአንተ እየተባባልን የምንከፋፈልበት ሰዓት አይደለም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። አራት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ምን ያደርጋል?"

ጸሐፊው አሰበ። "ይዘምራል።"

"ያወራል! አራት ሰው ባለበት ወሬ አይጠፋም። ሁለት ሁለት ይሁኑ።"

በዚህም መሠረት ምዕመናንን ከወሬ በመታደግ የዑደቱን መንፈሳዊ ይዘት ይበልጥ ለማጎልበት ሲባል አሰላለፉ ሁለት ሁለት እንዲሆን በአንድ ድምፅ ተወሰነ። መደርደሪያው በቃለ ጉባኤው ላይ አልተነሳም። በነበረበትም አልቀረም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ስንዝር ወጣ። ምንጣፉም ተከተለው።

"አሁን ደግሞ ሁለት ሰው አያሳልፍም" አለ ጸሐፊው።

ጋሽ ጠጋ በሉ ቀና ብለው ጣሪያውን ተመለከቱ። "ሰው ብቻውን ይወለዳል" አሉ። "ብቻውን ይሞታል። ታዲያ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚሄደው ወዴት ነው?"

ኮሚቴው አለቀሰ። ዑደቱ በነጠላ ሰልፍ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ እምነታችን ያሳየው እድገት እጅግ የሚያኮራ ነው። አንድ ዓመት ከዑደቱ በኋላ ከመደርደሪያው አንድ ጆግ ጠፋ፤ በማግስቱ ምዕመናን በዚያ ቦታ ሲያልፉ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ እንዲዘረጉ የሚያዝ መመሪያ ወጣ። ሌላ ዓመት አንድ ጎረምሳ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የተደረደረ ሳህን ላይ ተቀመጠ፤ በዑደቱ ላይ አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ክህደት መሆኑ በጸሐፊው ውብ ቋንቋ ተብራራ። ዕቃ መንካትማ ያስረግማል ተባለ። በመጨረሻ መደርደሪያውና ምንጣፉ እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች አፍንጫ ለአፍንጫ ሲፋጠጡ፣ ሰው በፊቱ ገብቶ ማለፍ አቃተው፤ በጎን መሄድ ታዘዘ። "ፊት ለፊት የሚሄድ ትዕቢተኛ ነው" ሲል ጸሐፊው ጻፈ፤ "ትሑት ሰው በጎን ይገባል።"

ወደ ሰማይ የተዘረጉት እጆች ደግሞ ጋሽ ጠጋ በሉ ለሽያጭ ከመደርደሪያው በላይ ያንጠለጠሏቸውን ባልዲዎች እየመቱ ኳ፣ ኳ ያሰኙ ነበር። ይህም እንደ ደወል ተቆጠረ። ባልዲ ያላንኳኳ በረከት አላገኘም የሚል ወሬ ተነዛና፣ ቁመታቸው አጭር የሆኑ ምዕመናን እየዘለሉ ያልፉ ጀመር። ከሩቅ ከተማ የመጣ አንድ ተመራማሪ ይህን ሁሉ አይቶ፣ ጥበቱ ነፍስ በዚህ ዓለም የምትጨነቀውን ጭንቀት፣ የባልዲው ድምፅም የኅሊናን ወቀሳ እንደሚወክል ጽፎ ሄደ። ሲሄድ ሁለት ባልዲ ገዛ። ቦታው ከዚያ በኋላ "ቅዱሱ ጥበት" ተብሎ ተጠራ።

የጸሎት ቤቱ አለቃ ደግ ሽማግሌ ናቸው። በዑደቱ ቀን ሁልጊዜ በጸሎት ቤቱ በር ላይ ቆመው ስለሚጠብቁ ቅዱሱን ጥበት አይተውት አያውቁም። የሚያዩት ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ አንዳንዱም እያነከሰ ሲመጣ ነው። "ይህ ትውልድ ከእኛ ይበልጣል" ይሉና እንባቸውን ይጠርጋሉ።

በዚህ ሁሉ መካከል ጋሽ ጠጋ በሉ ለራሳቸው የተመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፋኖሱን መያዝ። ፋኖሱን ሳይጠፋ ከአለቃው እጅ ያደረሰ ሰው የፋኖስ አባት ይባላል። በሠርግም በለቅሶም ፊት ወንበር የእሱ ነው፤ እሱ ሳይቀመጥ ማንም አይቀመጥም። ቀልዱን እዚህ ላይ ትንሽ ገታ እናድርገው። የጋሽ ጠጋ በሉ አባት በዚያው ገበያ ተሸካሚ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ጆንያ ተሸክመው፣ ሠርግ ሲጠሩ በር አጠገብ ቆመው በልተው የሚወጡ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ይህን እያየ ነው ያደገው። ፊት ወንበር የሚባለውን ባሰቡ ቁጥር ጋሽ ጠጋ በሉ የያዙትን ዕቃ አስቀምጠው ወደ በሩ ያዩ ነበር። ይህ የእውነት ነው፤ አይሳቅበትም።

የቀድሞው የፋኖስ አባት፣ ነፋስ እንኳ ልብ የማይለው ቀጭን ሰው፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ቢላቸው ፋኖሱን አስረከቡ። ምርጫ ተደረገ። ጋሽ ጠጋ በሉ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ፤ እጩውም፣ ሰብሳቢውም፣ ድምፅ ቆጣሪውም እሳቸው ስለነበሩ ሥራው ቀልጠፍ ብሎ ነው ያለቀው።

አንዲት ትንሽ ነገር ግን ተረስታ ነበር። ጋሽ ጠጋ በሉ የቅዱሱን ጥበት ደንብ አንድ በአንድ ያወጡ ሰው ቢሆኑም፣ በጥበቱ አልፈው አያውቁም። በዑደቱ ቀን ከሱቃቸው ውስጥ ቆመው፣ ዓይናቸውን ከዕቃው ሳይነቅሉ፣ በጥልቅ ተመስጦ ነበር የሚያሳልፉት። ሱቃቸው የሚገቡትም በጓሮ በር ነው። መደርደሪያው ወደ መንገዱ በገፋባቸው ዓመታት ደግሞ ሆዳቸውም ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም።

በዑደቱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ሱቅ መጥታ መደርደሪያውን አየች፤ ቀጥላ ባሏን አየች፤ እንደገና መደርደሪያውን አየች።

"አንተ ሰውዬ፣ ለነገ እንኳ ይህን ነገር ሳብ አታደርገውም?"

"የበዓል ገበያ ነው። እንዲያውም ዛሬ ትንሽ ልገፋው ነው።"

"ታልፋለህ?"

"ሕዝቡ ሁሉ ያልፍ የለ?"

"ሕዝቡ የአንተን ያህል አይበላማ!"

"ሴትዮ፣ ይህ በእምነት የሚታለፍ ቦታ ነው" አሉና መደርደሪያውን በትከሻቸው አንድ ገፋ አደረጉት።

በማግስቱ ጋሽ ጠጋ በሉ አዲስ ካባ ደርበው ፋኖሱን ተቀበሉ። ካባው ወፍራም፣ ውስጡ ገበር ያለው፣ ዳር ዳሩ በክር የተጠለፈ ነበር። ሕዝቡ እልል አለ። ከገበያው በር ተነስተው ሲራመዱ እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። ልባቸው አባቴ ይህን ባየ እያለ ይመታል። ቅዱሱ ጥበት ዘንድ ሲደርሱ እጆቻቸውን ከነፋኖሱ ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ በጎን ዞሩ፤ ሆዳቸውን ወደ ሳፋው፣ ጀርባቸውን ወደ ምንጣፉ አድርገው ገቡ። ባልዲው ኳ አለ። መጀመሪያ የቀኝ ትከሻቸው ገባ፤ ቀጥሎ የሆዳቸው እኩሌታ ገባ፤ የቀረው እኩሌታ ግን ጉዳዩን እንደገና ለማጤን ፈለገ።

አንዴ ገፉ። ሁለተኛ ሲገፉ ይብሱን ተቀረቀሩ።

"ጥቅሉን ሳብ አድርገው" አሉ በሹክሹክታ፣ ከሱቁ ደፍ ላይ ለቆመው ገመድ ሻጭ።

"የቱን ጋሼ?"

"ከጀርባዬ ያለውን! ምንጣፉን!"

"እንዴት አድርጌ? በዑደቱ ሰዓት ዕቃ የነካ የተረገመ ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም?"

"ለመንገደኛው ነው እንጂ ለባለዕቃው መቼ አልኩ!"

"ይህ ደግሞ አልተጻፈም" አለ ገመድ ሻጩ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ።

ከጋሽ ጠጋ በሉ ቀጥሎ ጸሐፊው ነበር፤ እሱም እጁን ዘርግቷል። "ጋሼ፣ ምነው ቆሙ?"

"ትንሽ ወደ ኋላ በል፤ ልውጣ።"

"ወደ ኋላ?" ጸሐፊው ደነገጠ። "ክህደት ነው እኮ! በእርስዎ ፊርማ ነው የወጣው።"

ከሰልፉ መካከል ድምፅ መጣ፤ "ምን ሆነው ነው?"

"ጸሎት ላይ ናቸው" አለ ጸሐፊው፣ ሌላ ነገር ለማለት ወኔ ስላልነበረው።

ወሬው ከሰው ወደ ሰው እስከ ገበያው በር ሄደ። ሕዝቡ በሙሉ እጁን እንደዘረጋ ቆመ። የጋሽ ጠጋ በሉን ሆድ አይተው አዲስ ሥርዓት መስሏቸው ሆዳቸውን የነፉም ነበሩ።

በዚህ መካከል ፋኖሱ መርገብገብ ጀመረ። ጋዙ የተሞላው መንገዱ እንደ ወትሮው ለሚፈጀው ጊዜ ያህል ነበር፤ ነበልባሉ አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ሰማያዊ እየሆነ ወደ ታች ወረደ። ፋኖሱ ከጠፋ የፋኖስ አባትነትም አብሮ ይጠፋል። ጋሽ ጠጋ በሉ ቀና ብለው ሲያዩት ላባቸው ከግንባራቸው እስከ ሳፋው ወረደ። ባለቤታቸው ከመደርደሪያው ወዲያ፣ ከሱቁ ውስጥ ቆማ በሳፋዎቹ መካከል ታያቸዋለች።

"ምን ብዬህ ነበር?" አለች።

"አሁን የወቀሳ ሰዓት ነው? እነዚህን ሳፋዎች አንሺልኝ!"

እጇን ወደ አንዱ ሳፋ ሰደድ ብታደርግ፣ "እንዳትነኪው!" የሚል ጩኸት ከሰልፉ ተነሳ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱባት። ጋሽ ጠጋ በሉ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሱቅ ደጅ እውነት ለመናገር ቆረጡ።

"ወገኖቼ!" አሉ፣ ትንፋሻቸው በአፍ በአፍንጫቸው እየወጣ። "ይህ መደርደሪያ ነው! ቅዱስ አይደለም! ሳፋ ልሸጥበት እኔ ነኝ የገፋሁት! በየዓመቱ እኔ ነኝ የገፋሁት! አፍርሱት!"

ከዚያ አንዲት ሴት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

"ትሕትናቸውን አያችሁ?" አለ ጸሐፊው። "ክብሩን ሁሉ ከራሳቸው ላይ አወረዱት!"

"ውሸቴን አይደለም! ገበያ ፍለጋ ነው!"

"እንዴት ያለ ሰው ነው!" አለ ሕዝቡ።

"እባካችሁ፣ የስግብግብነት ሥራ ነው!" ብለው ጮኹ፤ ይህን ሲሉ እልልታው ቅስቱን አናጋው። የጋሽ ጠጋ በሉ እውነት በገዛ ገበያቸው ገዢ አጣ።

ነበልባሉ የስንዴ ፍሬ አከለ።

"ስጠኝ" አለች ባለቤታቸው፣ ከሳፋዎቹ በላይ እጇን ዘርግታ። "ሊጠፋ ነው። ስጠኝና ልሂድ።"

ጋሽ ጠጋ በሉ ፋኖሱን አዩ። ፊት ወንበሩ በዓይናቸው ላይ መጣ፤ በር አጠገብ ቆመው የሚበሉት አባታቸውም መጡ። ጣቶቻቸው አልላላ አሉ። ከዚያ ነበልባሉ እንደገና ወረደና ጣቶቻቸው ላሉ። ባለቤታቸው ፋኖሱን ተቀብላ፣ በጓሮ በር ወጥታ፣ አህያ ከነጭነቱ በሚዞርበት ሰፊ የጀርባ መንገድ በፊቷ ቀጥ ብላ ሄደችና ከአለቃው እጅ አደረሰችው። አለቃውም በዚያው ሰዓት የፋኖስ እናት አሏት። እንግዲህ ከዚህ በኋላ እኛም አንቱ እንላቸዋለን።

አለቃው ያን ያህል ሕዝብ ያስቆመው ምን እንደሆነ ሊያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቅዱሱ ጥበት መጡ። እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ላብና እንባው ተደባልቆ፣ በሳፋና በምንጣፍ መካከል የቆመውን ሰው አዩ።

"አባታችን፣ ይድረሱልኝ" አሉ ጋሽ ጠጋ በሉ። "ይህን መደርደሪያ አሁኑኑ አስነስተው ከደፉ ወዲያ ያስገቡልኝ።"

"ልጄ፣ ከዚህ መደርደሪያ ፊት ሕዝቤ ስንት ዓመት አልቅሷል" አሉ አለቃው። "ከዛሬ ጀምሮ የፈጣሪ ነው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አንዲት ጣት አይንቀሳቀስ። ከላዩ ላይ አንዲት ማንኪያ አትነሳ፤ አትሸጥ።"

"አባታችን! የንግድ ዕቃ እኮ ነው!"

"ነበር ልጄ። ነበር።"

ጋሽ ጠጋ በሉን ሳሙና በውሃ በጥብጠው አዳልጠው አወጧቸው። ካባቸው እዚያው ተሰንቅሮ ቀረ፤ እሱም ተቀደሰ። ኮሚቴው ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ፣ ይህን የመሰለ ጸጋ የተገለጠበት ሰው በስብሰባ ሊደክም አይገባም በማለት ከሰብሳቢነት በክብር አሰናበታቸውና ገመድ ሻጩን በቦታቸው ተካ። ምንጣፉን የሚመለከት ውሳኔ አልተላለፈም፤ አለቃው ስለ መደርደሪያ እንጂ ስለ ምንጣፍ አልተናገሩም። ገመድ ሻጩም ምንጣፎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ፣ በተገኘው ቦታ ላይ ሳፋና ባልዲ መሸጥ ጀመረ። ምዕመናን መደርደሪያውን ከወዲያ ይሳለማሉ፤ ሳፋውን ከወዲህ ይገዛሉ።

ጋሽ ጠጋ በሉ አሁንም በየማለዳው ሱቃቸውን ይከፍታሉ። የሚሸጡት ግን ከውስጥ ጥግ የቀሩ ጥቂት ክዳኖችን ነው፤ ክዳን ደግሞ ድስት የሌለው ሰው አይገዛም። በአንድ ሠርግ ላይ የፋኖስ እናት ፊት ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው የባለቤታቸውን ቦርሳ ይዘው ታይተዋል። ባለቤታቸውን ሲያዩ ዓይናቸው እርጥብ ይል ነበር፤ ከደስታ ይሁን ከሌላ ነገር፣ ጠይቀናቸው "አቧራ ነው" ብለውናል።

አንድ ጠዋት የፋኖስ እናት ልብስ ለማጠብ ቢነሱ ሳፋው ከሥሩ ተሰንጥቋል።

"ችግር የለም" አሉ ጋሽ ጠጋ በሉ። "ከሱቅ አንዱን ይዤ ልምጣ።"

"አንተ ሰውዬ፣ የፈጣሪን ሳፋ? የካልሲህ ማጠቢያ ልታደርገው? ነገ ፊት ወንበር ላይ በምን ዓይኔ ልቀመጥ?"

ስለዚህ ወደ ገመድ ሻጩ ሄዱ። ከጀርባቸው የራሳቸው ሳፋዎች እስከ ቅስቱ ድረስ ተቆልለው፣ የተሳላሚው ከንፈር ወልውሏቸው ያበራሉ። አንዱን ሳፋ አንስተው እንደ ነጋዴ በጣታቸው ቆረቆሩትና ዋጋውን ጠየቁ። ሲነገራቸው ደማቸው ፈላ።

"ይህ እኮ እኔ ከምሸጥበት እጥፍ ነው!"

ገመድ ሻጩ በታላቅ አክብሮት ጎንበስ አለ። "እርስዎ ይሸጣሉ እንዴ ጋሼ?"

ጋሽ ጠጋ በሉ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ከፈሉ። ሳፋውን ራሳቸው ላይ ደፉና በጎን ወጡ።